ዳሩ የጠቆረ ማያ

ዛሬ ከተነሳሁ ጀምሮ ውስጤ ደስ አላለውም። አልታመምኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም፣ ዝም ብሎ ከበድ የሚል ቀን አለ አይደል፣ እንደዛ። እንዲህ ሲሆንብኝ እጄን ሥራ ማስያዝ ነው የሚሻለኝ፣ ስለዚህ የካሜራ ቦርሳዬን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። ካለፈው ጉዞ ከተመለስኩ አልነካሁትም ነበር። ፊልም የሚገባባቸውን ሆልደሮች ላጽዳ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ላጥበው፣ የብርሃን መለኪያውን፣ የስፖት ሜትሩን፣ ባትሪ ልይ፣ የካሜራውን የሚተጣጠፍ ሆድ፣ ቤሎውሱን፣ ደሞ ጨለማ ውስጥ መብራት አስገብቼበት እጥፋቱ ላይ የተቀደደ ነገር ካለ ልፈትሽ፣ ምናምን እያልኩ።

ሆልደር ማጽዳት እወዳለሁ። ስድስት አለኝ፣ አንዱ ሁለት ፊልም ይይዛል፣ 4 በ 5 ኢንች፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስዞር ብውልም በእጄ ያለው 12 ፎቶ ነው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ፊልሙ ላይ ካረፈች ብርሃኑን ትከልልና ኔጌቲቩ (የታጠበው ፊልም) ላይ ባዶ ነጥብ ትተዋለች፣ ሲታተም ጥቁር ሆና ትወጣለች፣ ሰማዩ ላይ ከሆነችማ አለቀ። ለዚህ ነው ቀስ እያልኩ፣ ዳርክ ስላይዱን (ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለውን መክደኛ) እየሳብኩ፣ ጥጋጥጉን በብሩሽ እየጠረግኩ የምሄደው። አራተኛው ላይ ስደርስ ቦርሳውን ነካሁትና ከጎን ኪሱ ማያዋ ወደቀች።

የጋሼ ማያ። ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ ለፎቶ አብረን ዳገት የምንወጣው፣ ስማቸውን ስንቴ አንስቻለሁ። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ዳገት መውጣት ያቆሙ ጊዜ ነው "እንግዲህ አንተ ጋ ትሁን" ብለው የሰጡኝ። ሌንስ ላይ አትገጠምም፣ ለዓይን ነው የተሠራችው፣ የጠቆረ ማር የመሰለች ፊልተር (ባለ ቀለም የብርሃን ማጣሪያ)፣ ራተን ቁጥር 90። (ራተን እንግሊዛዊ ነው፣ ድርጅቱን ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1912 ገዛው፣ ፊልተሮቹ ግን እስከዛሬ በስሙ ይጠራሉ።) በሷ ስታይ ቀለሙ ሁሉ ወደ አንድ ቡናማ ይሰበሰብና የሚቀርልህ ብርሃንና ጨለማው ነው። ማለትም ጥቁርና ነጭ ፊልም ያለምንም ፊልተር በግምት የሚያየውን ታያለህ።

መጀመሪያ ያየሁባትን ቀን አልረሳውም። ደማቅ ቀይ አበባ ያለበት ቁጥቋጦ አግኝቼ እንዴት እንደተደሰትኩ፣ ትራይፖዱን ተከልኩ፣ ጨርቁን ተከናነብኩ፣ ግራውንድ ግላሱ (ምስሉ የሚያርፍበት ደብዛዛ መስታወት) ላይ አበባው ተገልብጦ እንኳን ያምራል፣ በሉፕ (በትንሿ አጉሊ መነጽር) ፎከስ እያደረግኩ ነው። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ማያዋን ዘረጉልኝ። አነሳኋት። አበባው የለም! ቅጠሉም አበባውም አንድ ግራጫ፣ ጭቃ በለው። ለካ ደስ ያለኝ ቀለሙ ነው፣ ፊልሙ ደሞ ቀለሙን አይወስድልኝም።

"እሺ አሁን ምረጥ" አሉኝ። አረንጓዴ ፊልተር ብገጥም ቅጠሉ ይፈካና አበባው ይጠቁራል፣ ቀዩን ቁጥር 25 ብገጥም አበባው ነጭ ይሆንና ቅጠሉ ይጠቁራል። ያው አንድ ቁጥቋጦ ሁለት የማይገናኙ ፎቶ ይሆናል ማለት ነው። ቀዩን መረጥኩ፣ ቀዩ ደሞ ሦስት ስቶፕ ብርሃን ይበላል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)፣ 1/15 ሰከንድ የነበረው የማንሻ ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ሆነ፣ ነፋስ አለ፣ አበባው ይወዛወዛል፣ ኬብል ሪሊዙን (ካሜራውን ሳልነካ የማነሳበትን ገመድ) ይዤ ነፋሱ እስኪቆም ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ እንጃ። ጋሼ የዛን ቀን ነው የአሜሪካዊውን ፎቶ አንሺ የአንሰል አዳምስን የሃፍ ዶም (ዮሰሚቲ ያለ ትልቅ ዓለት) ፎቶ ታሪክ የነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1927 በፊልም ፋንታ የሚያነሳበት ሁለት የመስታወት ፕሌት ብቻ ቀርቶት አንዱን በቢጫው ፊልተር ቁጥር 8 አነሳ፣ ከዛ ሰማዩ እሱ እንደተሰማው ጠቁሮ እንደማይወጣ ገባውና በመጨረሻው ፕሌት ላይ ጥቁር ቀዩን ቁጥር 29 ገጠመ። ያቺን የመጨረሻዋን ነው ዓለም የሚያውቃት።

ሌላም ነገር አሉኝ፣ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለ። "አንሳት፣ እያት፣ አውርዳት።" ምክንያቱም ዓይን ቡናማውን ቶሎ ይለምደዋል፣ ጥቂት ሰከንድ ከቆየህ ቀለሙን ራሱ መልሶ ይሠራልሃል፣ ቀይ ቀይ ሆኖ አረንጓዴም አረንጓዴ ሆኖ ይታይሃል፣ ከዛ በኋላ ማያዋ ምንም አትነግርህም። እውነቱን የምትነግርህ ገና ስታነሳት ነው።

እና ዛሬ ስትወድቅ ምን ሆነች መሰላችሁ፣ ዙሪያዋን የያዘው ፍሬም ካርቶን ነው፣ አርጅቶ ነበር፣ ማዕዘኑ ላይ ተላቀቀ። ልመልሰው ብዬ ወደ መስኮቱ ሳዞራት ዳሯ ላይ፣ ካርቶኑ ሸፍኖት በነበረው በኩል፣ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በጨርቅ ጠረግኩት። አይለቅም። ኋላ ነው የገባኝ፣ መስመሩ ትክክለኛው ቀለም ነው። የለቀቀው መሃሉ ነው።

እንደሷ ያለ የጀላቲን ፊልተር ቀለሙ በብርሃን እንደሚለቅ አውቃለሁ እኮ፣ ለሌሎቹ ፊልተሮቼ እጠነቀቃለሁ፣ ፀሐይ ላይ አልተዋቸውም። እሷን ግን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምዞረው፣ ስንት ዓመት ሙሉ! በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሳሳች፣ ዓይኔም ትንሽ ትንሽ እየለመደ፣ አንድም ቀን ተለወጠች ብዬ አላውቅም። አንሳት እያት አውርዳት እያልኩ ጥቂት ሰከንዶቹን ስጠነቀቅ ዓመታቱ አለፉኝ።

ከዛ ወዲህ ሆልደሩም ጨርቁም ተረሳ። ተነስቼ ያለፈውን ጉዞ ኔጌቲቮች አወጣሁ። አልነገርኳችሁም ግን አልወደድኳቸውም ነበር፣ ሦስቱ ላይ ዓለቱና ከስሩ ያለው ሳር አንድ ግራጫ ሆነው ነው የወጡት፣ እኔ ግን ቦታው ላይ ቆሜ በማያዋ ሳይ ተለያይተው ነበር፣ በደንብ አስታውሳለሁ፣ ለዛ ነው ፊልተር ያልገጠምኩት። ሳጥባቸው የተሳሳትኩ መስሎኝ ማጠቢያ ኬሚካሉን፣ ዴቨሎፐሩን፣ ቀየርኩ፣ ሰዓቱን ጨመርኩ፣ ቴርሞሜትሩን ሳይቀር ተጠራጠርኩ። አሁን ሳስበው ተለያይተው ያየሁት ቀለማቸው ስለቀረ ይሆናል፣ የሳሳው መሃል ቀይና አረንጓዴውን አሳልፎልኝ። ወይም ደሞ ቸኩዬ ብዙ ሰከንድ ይዣት ቆይቼ ይሆናል፣ የዛን ቀን ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር።

ግን ደሞ ቀደም ሲል ያነሳኋቸው አሉ፣ ማያዋ ያኔም መሳሳት የጀመረች ጊዜ፣ ጥርት ብለው የወጡ። እነሱን በምን አየኋቸው? በማያዋ ነው ወይስ ጋሼ አጠገቤ ስለነበሩ?

አዲስ ገዝቼ ጎን ለጎን ባያቸው በአንድ ደቂቃ ይለይ ነበር። እሱን ማድረግ አለብኝ፣ አውቃለሁ። ግን አዲሷን አንገቴ ላይ ሳስባት የሆነ ነገር ይከብደኛል። ካርቶኑን በቴፕ መልሼ አጣበቅኩት፣ ጥቁሩ መስመር ተሸፈነ፣ እንደድሮዋ ሆነች።

ጋሼ በደወልኩ ቁጥር ከደህንነቴ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ "ማያዋስ?" ብለው ነው። ሁሌም "አለች ጋሼ፣ እንዳለች ናት" እላቸዋለሁ። ነገ ደግሞ መደወያ ቀኔ ነው። ምን ልበላቸው?