ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ኪራዩና ስንቁ ግን አይደለም

የመንግሥት ትምህርት ቤት የወር ክፍያ የለውም። ታዲያ የገጠር ልጅ 8ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፎ ለምን ይቀራል? እዚህ ሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው ይህንን ይጠይቁኛል።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻከል ወረዳ ነው። በእኛ አገር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየቀበሌው አለ። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ልጁ ወደ ከተማ፣ ወደ አማኑኤል መውረድ አለበት። በእግር የሰዓታት መንገድ ስለሆነ በየቀኑ ተመላልሶ መማር አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ልጆች ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ካለቀ ዓርብን በባዶ ሆድ ይማራሉ። አንድ አባት በስልክ እንዲህ አሉኝ፦ «ደብተሩንስ እንደምንም እንገዛለን ልጄ። ቤቱን በምን እንከራይላት?»

ከጥቂት የአገሬ ልጆች ጋር ሆነን ልጆች ማስተማር የጀመርነው ከዚህ ተነስተን ነው። የመጀመሪያ ሥራችን ገንዘብ ማሰባሰብ አልነበረም። እዚያው አማኑኤል የምትኖረው ታላቅ እህቴ ወደ መምህራኑ ሄደች። የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፈው 9ኛ ክፍል ያልተመዘገቡ እነማን ናቸው? ያቺ ዝርዝር ከማንኛውም ጥናት በላይ ጠቅማናለች። ድሃ የሆነውን ሁሉ አልፈለግንም። መማር እየቻለ በኪራይና በስንቅ ብቻ የቀረውን ነው የፈለግነው።

ከዚያ ሦስት ሰው ሰየምን። እህቴ አለች፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፣ አንዲት በሰንበቴ ሁሉም የሚያውቃቸው እናት አሉ። የእኛ የላኪዎቹ ዘመድ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ የሚወስኑት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው፤ እህቴ ከውሳኔው ትወጣለች። ይህ ቀላል አይደለም። አክስቴ ደውላ «የሰው ልጅ እያስተማርሽ የወንድምሽን ልጅ ትተዪዋለሽ?» ብላ አልቅሳብኛለች። አንጀቴን በላችው። የእሱን ከራሴ ኪስ፣ ለብቻ አደረግኩት። የጋራው ገንዘብ ግን በጋራው ደንብ ይሄዳል። አገር ቤት ላይ እምነት የሚጠፋው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዚህ አንደራደርም።

ገንዘቡን በሁለት እንከፍለዋለን። ኪራዩ በቀጥታ ለአከራይዋ ይከፈላል፣ በተቻለ መጠን የዓመቱ በአንዴ። የስንቁና የከሰሉ ገንዘብ በእናትየው የባንክ ሒሳብ ይገባል። ለሴቶቹ ልጆች የሞዴስ ለብቻ ይመደባል። ይህንን ያነሳችው እህቴ ናት። በየወሩ ጥቂት ቀን ከክፍል የሚቀሩት ለምን እንደሆነ አባቶቹም መምህራኑም አፍ አውጥተው አይናገሩም ነበር።

ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ የጊዜ ነገር ነው። ውጭ ያለን ሰዎች የምንልከው ለገና ወይም ለፋሲካ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን እጁ የሚያጥረው ክረምት ላይ ነው። ሰኔና ሐምሌ ያለችው ብር ለማዳበሪያ ትሄዳለች። መስከረም ላይ ምዝገባ ሲጀመር ጎተራው ባዶ ነው፤ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳው ሲደርስ ደግሞ ልጁ ለሥራ ይፈለጋል። ስለዚህ የእኛ ገንዘብ ነሐሴ ላይ መድረስ አለበት። ጥር ላይ ብንልከው ልጁ ቀድሞ ቀርቷል። ያው ብር፣ ያው ልጅ፣ ልዩነቱ ወሩ ነው።

ሁለተኛው የቃል ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። እኛ የምንልከው በብር ሲቆጠር በዛ፤ ኪራዩም ዘይቱም ተከትሎ ወጣ። ለቤተሰቡ «ይህን ያህል ብር» ብለን ቃል አንገባም። ቃላችን «ከ9ኛ እስከ 12ኛ ቤቱና ስንቁ በእኛ ነው» የሚል ነው። አዲስ ልጅ የምንቀበለውም የአራት ዓመቱን መቻላችንን ስናውቅ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ የሚቋረጥ ድጋፍ ልጁንም ቤተሰቡንም ይሰብራል።

ይህ ቃል የተፈተነው በጦርነቱ ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ትምህርት ቤቶችም መስከረም ላይ ሳይከፈቱ ቀሩ። ልጆቹ በየቤታቸው ቀሩ። ከእኛ መካከል «ትምህርት ከሌለ ምን እንከፍላለን?» ያለ ነበር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እህቴ ግን «ትምህርት ሲቆም ለሴት ልጅ የሚመጣላት ሽማግሌ ነው» አለችን። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ይከለክላል፤ ልጅቷ ቤት ስትውል ግን ሕጉ ሩቅ ነው። ስለዚህ የስንቁን ገንዘብ አላቋረጥንም። መምህሩ መጽሐፍ እያፈላለጉ ለሰንበት ወደ ከተማ በሚወጡ ወላጆች ይልኩላቸው ነበር። ወላጆቹ ልጃቸው አሁንም ተማሪ እንደሆነች ያዩት በዚያ ነው። ሁሉንም ማዳን አልተቻለም። ከሴቶቹ ልጆች ሁለቱ ተድረዋል፤ ዛሬም ያመኛል።

ልጁን ከትምህርት ገበታ ላይ ማቆየት ብቻውንም አይበቃም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ስለዚህ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ እንከፍላለን። ዩኒቨርሲቲ ያልገባውን ደግሞ «ወደቀ» ብለን አንተወውም፤ ቴክኒክና ሙያ ለሚገባው አንድ ዓመት እንጨምራለን።

ሰዎች ይህንን ከፈረንጅ የመጣ ነገር አድርገው ሲያዩት ይገርመኛል። ጎጃም ከሩቅ የመጣ ተማሪ ማብላት ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ዋሸራም ዲማም ቅኔ የቆጠረው የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በለመነው ቁራሽ ነው የተማረው። ለአከራዮቹ ይህንን ስናስታውሳቸው ይገባቸዋል። ከእነሱ መካከል ወጥ የሚጨምሩ አሉ፤ ኪራይ የቀነሱም አሉ።

ፎቶ አንለጥፍም። የምስጋና ደብዳቤም አናስጽፍም። የምንጠይቀው የሴሚስተር ካርድ ብቻ ነው፤ እሱም ቁጣ ለማውረድ ሳይሆን ማን እንደሚደገፍ ለማወቅ ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ አንድ የወረቀት ጉዳይ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ በቀጥታ ለግለሰብ የሚላክ ገንዘብ ከግብር አይቀነስም፤ ለዚያ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ያስፈልጋል። አገር ቤትም ሥራው ከጥቂት ወዳጆች አልፎ ድርጅት መሆን ካለበት የሚመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ነው። እኛ ገና ትንሽ ነን፤ ከየደመወዛችን እያዋጣን እንደ ዕቁብ በየወሩ እንሰበስባለን። የዘንድሮው ዝርዝር ከመምህራኑ እጅ ደርሶናል። አከራዮቹም ክፍሎቹን ይዘውልናል።