ከኩላሊቷ በላይ

ድሬ ላይ የኩላሊት ጠጠር ብርቅ አይደለም። ሙቀቱ አለ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ውኃችንም አለ። ስለዚህ “ጎኔን” የሚል ሰው ሲመጣ እኔ ምስል አንሺው ራዲዮግራፈር ዓይኔ ጠጠር ነው የሚፈልገው።

ያን ቀን ወረፋው በሩን አልፏል። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጥቷል። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ሴት ገባች (አንቱታ ድሬ ላይ ብዙም አይሠራም)። ለመቸኮል ስል ሲቲ ስካኑን ከኩላሊቷ አናት ጀመርኩት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። “በቃ፣ ሂጂ” አልኳት።

ማታ የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ጠራኝ። “ጠጠር የለም። ይቺን ግን እያት።” የመጀመሪያዋ ምስል ላይ፣ ከቀኝ ኩላሊቷ በላይ፣ ግራጫ ነገር ጠርዙ ብቻ ብቅ ብሏል። “ቀሪው የታለ?”

ቀሪውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ደውዬ አስመጣኋትና ጥፋቴን ነገርኳት። አሁን ከሳንባዋ ሥር ጀመርኩ። ኩላሊት አናት ላይ የምትቀመጠው ሆርሞን አመንጪ አድሬናል እጢዋ ላይ 7 ሴንቲሜትር እባጭ ተቀምጧል። ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ስንለካው 36 ሃውንስፊልድ አለ፤ ሲቲ የአካልን ጥግግት የሚለካበት ነው። በዚህ መለኪያ ውኃ 0 ነው። እስከ 10 ድረስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስብ ያዘለ፣ ክፋት የሌለው እባጭ ነው። ከ4 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ደግሞ መጠኑ ራሱ ያስጠረጥራል።

ሐኪሙ ስለ ደም ግፊቷ፣ አገጯ ላይ ስለበቀለው ፀጉር ጠየቃት። “ፊቴ ሲሞላማ ሰፈሩ ሁሉ ተመችቷት ነው አለ” ብላ ሳቀች። እባጩ የሚያመነጨው ሆርሞን ነበር።

“በመርፌ ናሙና አይወሰድም?” አልኩት። ተቆጣኝ። እባጩ ፌዮክሮሞሳይቶማ (የደም ግፊት የሚያንር ሆርሞን የሚያመነጭ የአድሬናል እባጭ) ከሆነ መርፌው ግፊቷን ሰቅሎ ሊገድላት ይችላል። መጀመሪያ የሆርሞን ምርመራ። ከዚያ አዲስ አበባ ተላከች፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ውጤቱ የአድሬናል ካንሰር ሆነ። በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ሁለቱን ብቻ የሚይዝ ጉድ ነው።

አሁን በየ3 ወሩ ትመጣለች። ደረቷንና ሆዷን እናነሳለን፤ ይሄ ካንሰር ከተመለሰ ሳንባና ጉበት ይወዳል። የድሮ ሲዲዎቿን በሻሽ ጠቅልላ ትይዛለች። ከቀድሞው ጋር ካልተያየ አዲሱ ምስል ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ባለፈው ማሽኑ ላይ ተጋድማ ቀና አለችና፣ “አቦ፣ ከየት ነው የምትጀምረው?” አለችኝ።

“ከአንገትሽ ሥር።”

“እ፣ እንደሱ!” ብላ ዓይኗን ጨፈነች።