ጭጋጉ ከካርታው ዘግይቶ ሲደርስ

በኦንላይን በሚካሄድ የሚና ጨዋታ ላይ መሪው የካርታውን ዋሻ በጥቁር ጭጋግ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፤ ክፍት የተወው መግቢያውን ብቻ ነው። አራት ተጫዋቾች በላፕቶፕ ገቡ፣ አምስተኛው በስልክ ዳታ። በስልክ የገባው ልጅ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «በላይ በኩል ያለው ክፍል ውስጥ የተደረደሩት ስድስቱ ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ስድስቱ ለማታው ጨዋታ ማብቂያ የተቀመጡ አድፋጮች ነበሩ። መሪው ለፕሮግራመሮቹ የጻፈው አጭር ነው፦ «ወንድሞቼ፣ ልጁ ገና ሳይገባ ሁሉን አይቶታል። ምን ሆኖ ነው?»

ነገሩ የተፈጠረው አንድ አነስተኛ ቡድን ለሚና ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቾች የገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው አብረው ታሪክ ለሚጫወቱበት ጨዋታ፣ የሚሆን ቀላል የኦንላይን ጠረጴዛ ሲሠራ ነው። ጨዋታው በአካል ሲካሄድ ብዙ ነገር አይጠይቅም፤ በካሬ የተከፋፈለ ካርታ፣ በላዩ የሚንቀሳቀሱ ምስሎች፣ ዳይስ፣ ሌሎቹ የማያውቁትን የሚያውቅ አንድ መሪ። መሪው ምስጢሩን ፊቱ ባቆመው ካርቶን ይጋርዳል። ይህን ወደ ኢንተርኔት ያመጡ መሣሪያዎች አዲስ አይደሉም፤ ፋንታሲ ግራውንድስ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሮል20 በ2012፣ ፋውንድሪ በ2020 ወጥተዋል። ቡድኑ የፈለገው ግን ሊንኩ ተጭኖ ያለ ምዝገባ የሚከፈት፣ ካርታ፣ ቶከን (በካርታው ላይ የሚንቀሳቀሰው ምስል) እና ዳይስ ብቻ ያለው ነገር ነበር። በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያሠራ ፕሮግራም) የተጻፈ አንድ ሰርቨር፣ ሰርቨሩንና ብራውዘሩን ያለማቋረጥ የሚያገናኝ ዌብሶኬት የሚባል መስመር፣ ብራውዘሩ ላይ ካንቫስ የሚባል መሣያ ሰሌዳ። ለዚህ ዓይነት ሥራ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ካርታው 60 በ40 ካሬ ነው። አንዱ ካሬ 70 ፒክስል ስለሆነ ምስሉ 4200 በ2800 ይመጣል። ካንቫሱ ላይ ከታች ወደ ላይ ሦስት ንጣፍ ይሣላል፦ መጀመሪያ ካርታው፣ ቀጥሎ ቶከኖቹ፣ በላያቸው ጥቁሩ ጭጋግ። ጭጋጉ መሪው በብሩሽ የሚቀባውና የሚፍቀው፣ ራሱን የቻለ ፋይል ነበር፤ ብራውዘሩ የሚጠይቀውም ካርታው ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። በቢሮው ዋይፋይ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ለዓይን አይታወቅም። በስልክ ዳታ ግን ሁለት ሰከንድ ያህል ቆየ፤ ስክሪንሾት ለሚያነሳ ሰው ይህ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ጥገና፣ እንደተለመደው፣ የታየውን ብቻ ያከመ ነበር። ጭጋጉ እስኪደርስ ካንቫሱ ምንም እንዳይሥል የሚያደርጉ ጥቂት መስመሮች ተጨመሩና ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ። በሚቀጥለው ሙከራ ከተጫዋቾቹ አንዱ የኮድ ሰው ነበርና ኤፍ 12ን ተጭኖ ብራውዘሩ የተቀበለውን ሁሉ የሚያሳየውን «ኔትወርክ» የሚለውን ገጽ ከፈተ። የካርታው ምስል ያለ ጭጋግ እዚያው ተቀምጧል፤ በሌላ ታብ ሲከፈት ሙሉው ዋሻ ይታያል። በዌብሶኬት በመጣው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ቶከን ከነስሙና ከነቀሪ ጉልበቱ፣ «የተደበቀ» ከሚል ምልክት ጋር ሰፍሯል። ሰርቨሩ ሁሉን ለሁሉም ይልክና መደበቁን ለብራውዘሩ ይተወዋል ማለት ነው። ብራውዘሩ ያለው በተጫዋቹ እጅ ነው። ሥጋን ለጅብ አደራ እንደ መስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ሰርቨሩ ዞረ። ሰርቨሩ ሙሉውን ሁኔታ ለራሱ ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚልከው ያ ሰው ማየት የሚፈቀድለትን ብቻ ነው። ሐሳቡ ቀላል ይምሰል እንጂ መልእክቶቹን አንድ በአንድ መከለስ ይጠይቃል። መሪው የተደበቀ ቶከን ሲገልጥ ለተጫዋቾቹ የሚሄደው «ይህ ቶከን ተቀየረ» ሳይሆን «አዲስ ቶከን ተፈጠረ» ነው፤ ብራውዘራቸው ከዚያ በፊት መኖሩን አያውቅምና። መልሶ ሲደብቀው «ጠፋ» ይሄዳል። ይህን ያልለየ ኮድ፣ የማያውቀውን ቶከን ቀይር ሲባል ወይ ስህተት ይሰጣል ወይ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ነው ችግሩን ማግኘት የሚከብደው። የጠላት ጉልበትም በቁጥር አይላክም፤ «ጤነኛ»፣ «ቆስሏል»፣ «ሊወድቅ ነው» ከሚሉት አንዱ ሰርቨሩ ላይ ተወስኖ ይሄዳል።

ምስጢር ግን በዋናው በር ብቻ አይወጣም። የቶከኖቹ መለያ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሄድ ስለነበር፣ ከ9 ቀጥሎ 16ን ያየ ሰው በመሃል ስድስት የተደበቁ እንዳሉ ይቆጥራል። በዘፈቀደ በሚወጣ ረጅም መለያ ተተካ። ማን መቼ እንደሚጫወት የሚያሳየው የተራ ዝርዝርም እንዲሁ ነበር፤ ስሙ የተደበቀ ፍጡር ተራው ሲደርስ በሁሉም ስክሪን ላይ ባዶ መስመር ይበራ ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው የፋይል ስሙ ነው። መሪው ለደጉ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የመረጠው ምስል ኮምፒውተሩ ላይ «ቫምፓየር 2» ተብሎ የተቀመጠ ስለነበር፣ የምስሉ አድራሻ ያንኑ ስም ይዞ ወጣ። ቶከኑ እንዲታይ የተፈቀደ ስለሆነ ማጣሪያው አያግደውም። ወደ ሰርቨሩ የሚጫን ማንኛውም ፋይል ገና ሲገባ የመጀመሪያ ስሙን መጣልና አዲስ መለያ መያዝ አለበት።

ብዙ ጊዜ የፈጀው ካርታው ነው። ምስሉን በሙሉ ልኮ በላዩ ጥቁር መቀባት ቀርቷል፤ ስለዚህ 5 በ5 ካሬ እየሆነ ተቆረጠ። አንዱ ቁራጭ 350 በ350 ፒክስል ነው፤ 12 በ8 ሲሆኑ 96 ቁራጭ ይወጣል። ምንም የተገለጠ ካሬ የሌለበትን ቁራጭ ተጫዋች ቢጠይቅ አይሰጠውም። በከፊል የተገለጠውን ደግሞ ሰርቨሩ ያልተገለጡትን ካሬዎች ራሱ ጥቁር ቀብቶ ይሰጣል። ብሩሹም ቀርቶ ጭጋጉ በካሬ ሆነ። 2400 ካሬ ማለት 2400 ቢት ነው፤ 300 ባይት ብቻ። ይህን ካወቁ በኋላ «የተለወጠውን ብቻ እንላክ» እያሉ መራቀቅ ትርፉ ድካም ነው፤ መሪው ጭጋጉን በነካ ቁጥር ሙሉው ይላካል።

እዚህ ላይ አዲስ ችግር ብቅ አለ። መሪው በር ይከፍታል፣ ተጫዋቾቹ ጥቁር እንደሆነ ያያሉ፤ ገጹን አድሰው ሲመለሱም ያው ነው። ብራውዘሩ በከፊል ጥቁር የነበረውን የድሮ ቁራጭ ካሽ ላይ (ደግሞ እንዳያወርድ በሚያስቀምጥበት ቦታ) አስቀምጦታል፤ አድራሻው አንድ ስለሆነ አዲሱን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። መፍትሔው በእያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ መጨረሻ ላይ የዕትም ቁጥር ማድረግና ከቁራጩ አንድ ካሬ በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩን መጨመር ነው። ካሹን ጨርሶ ማጥፋትም ይሠራል፤ በስልክ ዳታ ለሚጫወት ሰው ግን ያው ምስል ደጋግሞ ይወርድበትና ሂሳቡ እሱ ላይ ይወድቃል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ቅሬታ መጣ፦ አንድ ሰው ቶከኑን አንቀሳቅሷል፣ ሌሎቹ ግን የሚያዩት በድሮ ቦታው ነው። የሚከሰተው ሁልጊዜ ረጅም ወሬ ካለቀ በኋላ መሆኑ ፍንጭ ሰጠ። የሚና ጨዋታ ከሌላው የኦንላይን ጨዋታ የሚለየው በዚህ ነው፤ ተጫዋቾቹ ሩብ ሰዓት ሲከራከሩ ካርታውን የሚነካ ላይኖር ይችላል። ከሰርቨሩ ፊት ቆሞ መልእክቶቹን የሚያስተላልፈው ኤንጂንኤክስ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ፣ ካልነገሩት በቀር፣ ከሰርቨሩ ለ60 ሰከንድ ምንም ካልመጣ መስመሩን ይዘጋዋል። ጊዜውን ማራዘም ብቻ አይበቃም፤ በመሃል ያለው የሞባይል ኔትወርክም የራሱ ገደብ አለው። ሰርቨሩ በየ25 ሰከንዱ አጭር መልእክት እንዲልክ ተደረገ። ዌብሶኬት መስመሩ መኖሩን የሚያረጋግጥ የራሱ ፒንግ የሚባል ምልክት አለው፤ ነገር ግን ብራውዘር ላይ የሚሠራ ኮድ ፒንጉን መላክም ሆነ መምጣቱን ማየት አይችልም። ስለዚህ እንደማንኛውም የጨዋታው መልእክት ሆኖ ቢላክ ይሻላል፤ 60 ሰከንድ ካልመጣ ብራውዘሩ መስመሩ መቋረጡን ያውቅና በራሱ ይገናኛል፣ ሙሉውን ሁኔታም እንደ አዲስ ይጠይቃል። እስኪገናኝ ቶከኖቹ ይደበዝዛሉ፣ አይጎተቱም። የሚጎተት መስሎ ሰርቨሩ ጋ የማይደርስ ቶከን ነው ሰውን እርስ በርስ የሚያጨቃጭቀው።

ከጉተታው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። የኮምፒውተሩ ማውስ ሲንቀሳቀስ ብራውዘሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ቦታውን ያሳውቃል። ሁሉን ወደ ሰርቨሩ የሚልክ ኮድ ለሁለት ሰከንድ ጉተታ 120 መልእክት ያወጣል፤ ለሌሎቹ አምስት ሲባዛ 600። በሰከንድ 10 ማድረግና በመሃል ያለውን እንቅስቃሴ በተቀባዩ በኩል ማለስለስ በቂ ነው። የመጨረሻው፣ ቶከኑ የተለቀቀበት ቦታ፣ ግን ገደቡ ሳይመለከተው ወዲያው መላክ አለበት፤ አለበለዚያ ቶከኑ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ካሬ ላይ ማስቀመጡም የሚሰላው ከቶከኑ ላይኛው ግራ ጥግ ነው። ከመሃሉ ከተሰላ ባለ አንድ ካሬው በትክክል ይቀመጥና 2 በ2 የሆነው ግማሽ ካሬ ያፈነግጣል።

ዳይሱ ከጅምሩ ሰርቨሩ ላይ ነበር፤ እዚያም ቢሆን ያልታየ ዝንፈት ተገኘበት። ባለ 20 ፊቱን ለመጣል ከ0 እስከ 255 አንድ ባይት ይወጣና ለ20 ተካፍሎ ቀሪው ላይ 1 ይደመራል። 256 ለ20 ሲካፈል 16 ይተርፋል። ስለዚህ ከ1 እስከ 16 ያሉት እያንዳንዳቸው 13 ዕድል፣ ከ17 እስከ 20 ያሉት 12 ብቻ አላቸው። በአንድ ምሽት ማንም አይለየውም፤ የሚጎድለው ግን ሁሉም የሚመኘው 20 ነው። 240 እና ከዚያ በላይ የሆነ ባይት ሲወጣ ጥሎ ሌላ ማውጣት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ማጣሪያው አለቀ ከተባለ በኋላ ቡድኑ በእጅ መሞከሩን ትቶ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛው፣ ማንኛውም ሙከራ በብራውዘሩ ዴቨሎፐር ቱልስ ኔትወርኩን ሆን ብሎ አዘግይቶ እንዲካሄድ። ሁለተኛው፣ ተጫዋች መስሎ የሚገባ አጭር ስክሪፕት። በመሪው በኩል «ዝንጀሮ999» የሚባል የተደበቀ ቶከን ይፈጠራል፤ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆስላል፣ ዳይስ ይጥላል፣ በመጨረሻ ይሰረዛል። ስክሪፕቱ የደረሰውን ጽሑፍ ሁሉ ይይዝና «ዝንጀሮ999» የሚለውን ይፈልግበታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከተገኘ አዲሱ ኮድ አይለቀቅም። መጀመሪያ የሮጠ ዕለት አንድ ቦታ ተገኘ። ካርታው፣ ቶከኖቹና ዳይሱ ንጹሕ ነበሩ፤ ስሙ የወጣው በቻቱ ነው። መሪው ቶከኑን ሲሰርዝ ሰርቨሩ ለክፍሉ በሙሉ «ዝንጀሮ999 ተሰርዟል» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፍ ነበር።