ከቁጥጥሬ ውጪ ነው

ከታላቅ እህቴ ጋር ከተኮራረፍን 11ኛ ቀናችን ነበር። መነሻው ስለ ልጇ አስተዳደግ ሰው ፊት የተናገርኩት ነገር ነው። ያልኩት ውሸት አልነበረም። እሱን ይዤ ነው 11 ቀን የቆየሁት።

"ለምን አትደውልላትም?" ለሚለኝ ሁሉ አንድ መልስ ነበረኝ። "ማኩረፏ ከእኔ ቁጥጥር ውጪ ነው።" ኤፒክቴተስን ማንበብ ከጀመርኩ ሁለተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። አዲስ ሃይማኖት እንደያዘ ሰው ሁሉን ነገር በሱ መመዘን ይዞኛል።

ኤፒክቴተስ ሮም ውስጥ በባርነት የኖረ፣ እግሩ የሚያነክስ ፈላስፋ ነው። ነፃ ከወጣ በኋላ ያስተማረውን ተማሪው አሪያን ጽፎ አቆየልን። ከዚያ የተውጣጣችው ትንሽ መጽሐፍ ገና ስትጀምር ነገሩን ለሁለት ትከፍለዋለች። አስተያየታችንና ፍላጎታችን በእጃችን ነው። ሰውነታችን፣ ንብረታችን፣ ስማችን ደግሞ በእጃችን አይደለም። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ለሰነፍም ይመቻል። እኔ ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ይዤ ሮጥኩ።

ያነቃኝ ሌላው የሮም ፈላስፋ ሴኔካ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮ አማካሪ፣ በሀብት የተንበሸበሸ ሰው ስለሆነ ብዙም አልወደውም ነበር። ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ግን ማታ ማታ የሚያደርገውን ይናገራል። መብራቱ ይወሰዳል። ልማዱን የምታውቀው ሚስቱ ዝም ትላለች። እሱ ውሎውን አንድ በአንድ ያያል፣ ከራሱ የሚደብቀው የለም። አንዱን ሰው ከሚገባው በላይ አፍ አውጥተህ ወቀስከው፣ አስከፋኸው እንጂ አላረምከውም ይላል ለራሱ። የምትናገረው እውነት መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ሰሚው እውነቱን ይችለው እንደሆነም እይ ይላል።

ተጋድሜ ነበር የማነበው። ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ ጽሑፍ እንዲህ ስም ጠርቶ ሲሰድብ አይቼ አላውቅም።

ወደ ኤፒክቴተስ ተመለስኩ። ገረፍ ገረፍ አድርጌ ያለፍኩት 43ኛው ክፍል ላይ፣ ነገር ሁሉ ሁለት እጀታ አለው ይላል። አንዱ ያነሳዋል፣ ሌላው አያነሳውም። ወንድምህ ቢበድልህ በበደሉ በኩል አትያዘው። ወንድሜ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው በሚለው በኩል ያዘው። ይህ እንግዲህ ለተበዳይ የተሰጠ ምክር ነው። እኔ በዳይ ሆኜ ነው የተኮፈስኩት!

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም" ብዬ ጻፍኩላት። ቀጥሎ "ግን" የሚል ቃል ነበረበት። አጠፋሁትና ላክሁ። ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተመለስኩ። መልሷ አሁን የምር ከቁጥጥሬ ውጪ ነው።

በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት።