ጠገራ ብር ያሳተመች እንግሊዝ

እንግሊዝ የረገጠችው አገር ሁሉ ገንዘቧ ይከተላት ነበር። ሲድኒ፣ ሜልቦርን፣ ፐርዝ፣ ኦታዋ፣ ፕሪቶሪያ፤ በየሄደችበት ማተሚያ ተክላ ሶቨሪን የሚባለውን የወርቅ ሳንቲሟን አሳትማለች። ሥዕሉን የእኛ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ዘንዶውን ሲረግጥ ነው።

ወደ እኛ ስትመጣ ግን ወርቁም ሽልንጉም አላዋጣትም። ጄኔራል ናፒየር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ለገብሱና ለበቅሎው ገበሬው የጠየቀው ጠገራ ብር ነበር። እንግሊዞች ቪየና አዝዘው ጠገራውን፣ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን ብር፣ አሳተሙ። እቴጌይቱ ከሞተች ከ80 ዓመት በላይ አልፏል። ብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን ያኔም ዛሬም 1780 ነው።

እኔ ያለኝን ጠገራ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። 28 ግራም የሚመዝን ከባድ ብር ነው። የድሮ ነጋዴ ያለ መነጽር ነበር የሚመረምረው። በራስ ጌጧ ላይ ያሉትን ሉሎችና የትከሻዋን ጌጥ ነጥቦች ይቆጥራል። ከደበዘዙ አይቀበልም፣ አለቀ! ያን ሁሉ ግዛት የያዘ መንግሥት ለገበያተኛው ዓይን መገዛቱ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ደግሞ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1935 የቪየናው የማተሚያ ቅርጽ ለጣሊያን ተሰጠ። በዓመቱ ለንደን ራሷ ማሪያ ቴሬዛን ማተም ጀመረች። በ1940 እና በ1941 ደግሞ የሕንዷ ቦምቤይ ቀጠለች። ከሱዳን ጎጃም የገባው የእንግሊዝ ጦር በግመል ጭኖ የመጣው ይህንኑ ብር ነው፤ አርበኛው ሌላ አይቀበልማ።

ከድሉ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። የእኔው እ.ኤ.አ. የ1942 ነው። በአንድ በኩል ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ አለ፤ በሌላው አንበሳና ተራራ። ቦምቤይ መታተሙን የምትነግር ትንሽ ፊደልም አለችበት። ማሪያ ቴሬዛን ያተመው ያው ቤት መሆኑ ነው። በውስጡ ያለው ብር ግን ሩብ ብቻ ነው፤ ቀሪው ርካሽ ማዕድን። ጠገራ የለመደ እጅ ይህን ወዲያው ያውቀዋል።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የራሳችን ገንዘብ ታወጀ። 50 ሳንቲሙ ብር የበዛበት ሆነ። የመጀመሪያው የተቀረጸውም አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው፤ ለንደን አይደለም።