በእናቴም ሆድ ሰውረኸኛል

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አሐዱ አምላክ አሜን። እግዚአብሔር በቅዱስ ሚካኤል አማላጅነት ለልጄ ያደረገውን እንድመሰክር የተሳልኩት ኅዳር 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሌሊት ነበር፤ እስከ ዛሬ የዘገየሁት ስለዚያች ሌሊት ለመናገር በተነሣሁ ቁጥር እንባ ስለሚቀድመኝ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ማግሥቱ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ የዝክሩን እንጀራ ጋግሬ ልተኛ ስል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሲያጠና ከነበረበት ክፍል «እማዬ፣ ጭንቅላቴን!» ብሎ ጮኸ። ስደርስ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተደፍቶ ነበር፤ ወዲያውም አስታወከው። እኔም ምች መታው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ አሸሁት። ይህን ሳልደብቅ የምናገረው ሌላ እናት ከእኔ ስሕተት እንድትማር ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ደሙ በጭንቅላቱ ውስጥ ይፈስ ነበርና። ቀኝ እጁ እንደ ጨርቅ ሲዝል፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ሲጣመም፣ ከዚያም መላ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ነው ምች አለመሆኑ የገባኝ።

ጎረቤታችን በባዶ እግራቸው ወጥተው መኪናቸውን አስነሡ። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ እስከ ንጋት ድረስ ከአጠገቤ አልተለዩም። የመጀመሪያው ሆስፒታል የሲቲ ስካን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ መለሰን። ሁለተኛው ምስሉን አንሥቶ ደም መፍሰሱን ካየ በኋላ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ የለኝም አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ የልጄ ራስ በጭኔ ላይ ነበር፤ እስትንፋሱ እንደ ማንኮራፋት ሆኖ ይቆይና ጸጥ ሲል፣ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቼ አዳምጥ ነበር። «ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» የሚለው የዳዊት ቃል ሳልጠራው ወደ አፌ መጣ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው መዝሙር ሆኖ ሳለ ቀጣዩ ስንኝ ግን ጠፋኝ። ያንኑ ጥያቄ ብቻ መላልሼ እጠይቅ ነበር።

በሦስተኛው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወለል ትወለውል የነበረች እናት መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ መጣችና እጄን ይዛ የጠፋብኝን ስንኝ ጨረሰችልኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። በጸሎቴ ሁሉ ግን «ያቺ ኮሪደር ላይ ያገኘኋት» እያልኩ አነሣታለሁ።

ወጣቱ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ምስሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «እናቴ፣ ይህ ነጭ ሆኖ የሚታየው ደም ነው። አንጎሉን እየተጫነው ስለሆነ አሁኑኑ ከፍተን ማውጣት አለብን» አለኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረምኩ። ደም ያስፈልጋል ሲባል ጎረቤታችን ስልክ ደውለው ለሚካኤል ማኅሌት የቆሙ የሰፈር ልጆችን ጠሩልን፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጥተው ሰጡ። እኔም ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ልጄ ቢተርፍልኝ ለመልአኩ ጃንጥላ ይዤ ደጁ ድረስ እንደምመጣና እንደምመሰክር ተሳልኩ። በሩ የተከፈተው ነግቶ፣ የቅዳሴው ድምፅ በድምፅ ማጉያ ከሩቅ በሚሰማበት ሰዓት ነው። ልጄ በሕይወት ነበር።

ከቀናት በኋላ ሐኪሙ የደሙን ምንጭ አስረዳኝ። ደም ከልብ ወደ አንጎል በደም ቅዳ ይገባል፤ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ ይበርዳል፤ ከዚያ በደም መልስ ይመለሳል። በልጄ አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ግን እነዚያ ቀጫጭን ሥሮች የሉም፤ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በቀጥታ ተገናኝተው እንደተወሳሰበ ክር ተቋጥረዋል። የደም መልሱ ስስ ግድግዳ ያልተፈጠረበትን ግፊት ሲሸከም ኖሮ ተቀደደ። በሕክምናው ቋንቋ ኤቪኤም ይሉታል። ቋጠሮው ጥልቅ ቦታ ላይ ስለነበረ ደሙን እንጂ እርሱን ማውጣት አልተቻለም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አብሮት የተወለደ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ።

ያ መልስ ከሌሊቱ ይልቅ ሰበረኝ። ኃጢአቴን ልናዘዝ፦ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጣሁ። መዝሙር 138 ላይ «በእናቴም ሆድ ሰውረኸኛል» የሚለውን ነፍሰ ጡር ሳለሁ በየቀኑ ስደግመው ነበር። ታዲያ በእኔ ሆድ ውስጥ ይህን ቋጠሮ ሲቋጠር ዝም ብለህ ያየኸው ስለምን ነው ብዬ ዳዊቴን ዘጋሁ፤ አርባ ቀን ሙሉ አልከፈትኩትም። የንስሐ አባቴ ሊጠይቁን ሲመጡ ይህንኑ በቁጣ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። በልጄ ግንባር ላይ ያለችውን የቆየች ጠባሳ በጣታቸው ነክተው «ይህስ መቼ ነው?» አሉኝ። የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ከአጥር ላይ ወድቆ የተሰፋባት ናት። ያን ቀን ቋጠሮው እዚያው ነበር። ኳስ በቴስታ ሲመታ፣ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው፣ ለጥምቀት ሲዘል፣ ሁልጊዜ እዚያው ነበር፤ እኔም ጠብቅልኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም፣ መኖሩን አላውቅምና። «ሰውረኸኛል» የሚለው ቃል ያን ጊዜ በሌላ ድምፅ ተሰማኝ፤ አልቅሼ ዳዊቴን ከፈትኩ።

ጠበል ውሰጂው፣ ኪኒኑን አስጥዪው ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። የንስሐ አባቴ ግን ባለመድኃኒትን አክብር የሚለውን የሲራክን ምዕራፍ 38 አንብበውልኝ፣ «ጠበሉንም ይጠመቅ፣ የሚጥለውን የሚከላከለውንም ኪኒን ሳያቋርጥ ይውጥ» አሉ። እንዲሁ አደረግን፤ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ተጠመቀ፣ ኪኒኑንም አንድ ቀን አላቋረጠም።

እኅቴ በቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን፣ የሰፈራችን ዕድርም ያዋጣውን ይዘን በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ወደ ኒው ዴልሂ ሄድን። ሕክምናው ጋማ ናይፍ ይባላል፤ ስሙ ቢላዋ ቢሆንም የሚቆርጥ ነገር የለውም። የብረት ክፈፍ በአራት ብሎን ራሱ ላይ አሰሩለት፤ ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን የጨረር መስመሮች ከየአቅጣጫው መጥተው ቋጠሮው ላይ ብቻ ተገናኙ። ያን ክፈፍ እንደ እሾህ አክሊል ተሸክሞ ሲገባ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። ማታውኑ ክፈፉ ተፈታለት። ነገር ግን ሥሮቹ ግድግዳቸው ቀስ በቀስ እየወፈረ የሚዘጉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቆይተው ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ዳግም ሊደማ እንደሚችል ነገሩን።

ሦስት ዓመት ተኩል ጠበቅን፤ ኮሮናም መጥቶ አለፈ።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከብሽሽቱ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ አንጎሉ ድረስ ያለውን የደም ሥር በቀለም አነሡ። ሐኪሟ የድሮውንና የአሁኑን ምስል ጎን ለጎን አስቀምጣ ጣቷን በአዲሱ ላይ አሳረፈች፤ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር። ክብር ለእርሱ ይሁን! ሁለቱን ምስሎች ከዳዊቴ ጋር በአንድ ማኅደር አኑሬያቸዋለሁ።

የልጄ ቀኝ እጅ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ዛሬ እኔ እቆልፍለታለሁ፣ መጻፍም በግራው ተምሯል። በዚያው ዓመት ኅዳር 12 ቀን የስለቱን ጃንጥላ ገዝተን ወደ ቅዱስ ሚካኤል ስንሄድ፣ ልያዝልህ ብለው እንቢ አለኝና ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ በግራ እጁ ይዞት ሄደ።