ሲቆጠር የሚዘለለው ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ክፍለ ከተማ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ባለሙያ ነኝ። አባላት እመዘግባለሁ፣ እድሳት እከታተላለሁ፣ መክፈል የማይችሉ ተብለው ከቀበሌ የሚላኩልንን ሰዎች ዝርዝር አጣራለሁ። ቅሬታም እኔው ጋ ይመጣል። አብዛኛው ቅሬታ «እኔ ከእገሌ በምን ተሽዬ ነው?» የሚል ነው። ይሄኛው ግን ለየት ይላል፤ አሠራራችንንም ስላስለወጠ ልጻፈው አልኩ።

አንድ ጠዋት አንድ የባጃጅ ሹፌር ቢሮ ገባ። ከጤና ጣቢያ ነው የመጣው። በጣም ተናዷል። የመድን ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ከፍያለሁ። ማኅተሙም ይኸው። ታዲያ ወንድሜን ለምንድን ነው በመድኑ አናክምም የሚሉኝ?» አለኝ።

ደብተሩን ገለጥኩት። የእሱ፣ የሚስቱና የሦስቱ ልጆቻቸው ፎቶ አለ። እድሳቱም በወቅቱ ተከፍሏል። የወንድሙ ፎቶ ግን የለም፤ ስሙም አልተጻፈም።

«ወንድምህ የታለ?» አልኩት።

«ታች ባጃጅ ውስጥ ነው። ይሄን ሁሉ ደረጃ በምኑ ይወጣዋል?»

አብሬው ወረድኩ። ልጁ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ የባጃጁን ብረት ጨምድዶ ይዟል። መጀመሪያ የፈራ መስሎኝ ነበር። ለካ ከወገቡ በታች ስለማይታዘዝለት ብረቱን ከለቀቀ ወደ ጎን ይወድቃል። በሌላው እጁ ጋቢውን ጎተት አድርጎ የሽንት ከረጢቱን ይሸፍናል። ዊልቸሩ ታጥፎ እግሩ ሥር ተቀምጧል። ላብ በላብ ሆኗል፤ ትኩሳት እንዳለው ያስታውቃል። ሰላም ስለው «ይቅርታ እህቴ፣ ከሥራ አስወረድንሽ» አለኝ።

ድሮ የቀን ሠራተኛ ነበር። ፎቅ ግንባታ ላይ ልስን ሲለስን ከባሕር ዛፍ መወጣጫው ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ በግልጽ ይናገራል። ግን ልጁ በእጁ አንዲት ወረቀት የለውም። ያሠራው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ በደል ነው፤ ለብቻው ቢጻፍበት ደስ ይለኛል።

ከጉዳቱ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ግቢ፣ ከኋላ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። የመቀመጫ ቁስል አለበት። ሽንቱ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ስለሚወጣ ኢንፌክሽኑ ይመላለስበታል። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው አልፎ አልፎ ሲያመው ብቻ አይደለም። ቁስሉ መታጠብ አለበት፤ ካቴተሩ መቀየር አለበት፤ ዛሬ ችላ የተባለ ትኩሳት ነገ ኩላሊት ይደርሳል።

የዚያን ቀን ወንድሙ ለባጃጁ ጎማ መግዣ ያስቀመጠውን ብር አውጥቶ አሳከመው። እኔ በዚያች ሰዓት ላደርግለት የምችለው አልነበረም። ደብተሩ ላይ ያልተመዘገበን ሰው «ይታከም» ብዬ ብጽፍ ጤና ጣቢያው ሒሳቡን ከመድኑ ማወራረድ አይችልም። ቅሬታውን ተቀብዬ ነገሩን ከሥሩ ማጣራት ጀመርኩ።

ብዙ ሰው አካል ጉዳተኛ ሁሉ የነፃ ደብተር በቀጥታ የሚያገኝ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መመዘኛው ድህነት ነው፤ መዋጮውን መክፈል አለመቻል። ማን መክፈል እንደማይችል የሚለየው በቀበሌ ነው። ኮሚቴው ያጣራል፣ ነዋሪው በስብሰባ ይተቸዋል፣ ዝርዝሩ ወደ ላይ ይላካል። ከጸደቀ መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። ከዚያ በኋላ ከፍሎ አባል ከሆነው ጋር እኩል ይታከማል። ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ በሪፈር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይሄዳል።

አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። በየቢሮው እየለመኑ የነፃ ሕክምና ወረቀት ማጻፍ ምን ያህል ያዋርድ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ችግሩ ሁሉም ነገር የሚቆጠረው በቤተሰብ መሆኑ ነው። አባልነቱ የአባወራና የእማወራ ነው። በመደበኛው መዋጮ የሚታቀፉት ባልና ሚስት፣ ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆቻቸው ጋር ናቸው። አብሮ የሚኖር ወንድም፣ እህት፣ ወላጅ ወይም ትልቅ ልጅ ካለ ተጨማሪ ይከፈልበታል።

እንግዲህ የዚህን ልጅ ነገር ተመልከቱ። ቀበሌው መክፈል የማይችሉትን ሲለይ «እሱ እኮ የባለባጃጁ ወንድም ነው፤ ቤት አላቸው፣ ገቢ አላቸው» ብሎ አለፈው። ለመድን ሲሆን ደግሞ የባለባጃጁ ቤተሰብ አይደለም፤ ተጨማሪ ካልተከፈለበት ደብተሩ ላይ አይገባም። ድህነቱ ሲለካ የወንድሙ ቤተሰብ፣ ሲታመም ባይተዋር። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይሄ ነው።

የቀበሌው መዝገብ ላይ ያ ቤት «የቤተሰብ ብዛት 5» ተብሎ ተሞልቷል። ይሄ ከነከነኝና ቤታቸው ሄድኩ። የወንድሙ ሚስት ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ያነጋገረቻቸው እሷ ናት። ደብቃው ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር። እውነቱን ሳትሸሽግ ነገረችኝ።

«በር ላይ ቆመው ስንት ሰው አላችሁ አሉኝ። አምስት አልኩ። እሱን ብጨምር በነፍስ ወከፍ ጨምሩ ይሉናል ብዬ ፈራሁ። የቤት ኪራዩ አለ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ፣ ባጃጁም ቢሆን የእኛ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ይደረጋል። የእሱን ቁስል የማጥበው እኮ እኔ ነኝ እህቴ። ጠልቼው መሰለሽ?»

አልመሰለኝም። ጓንቱና የተቀቀለው ፎጣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አይቻለሁ። እሷ ያሰበችው ስለ መዋጮ ብቻ ነው። ያንኑ ሰው ብታስቆጥረው በራሱ ስም ሊታይ እንደሚችል የነገራት የለም። ባጃጁ የሰው መሆኑንም የጠየቃት የለም። ቀበሌው «ባለባጃጅ» ሲል የኖረው ሹፌሩን ነው።

የኮሚቴው ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ይዤ ቀረብኩ። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ጸኑብኝ።

«ልጄ፣ ከአንድ ድስት የሚበላ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ከከፈልነው ሁሉም ወንድሙን፣ እህቱን በድሃ ስም ያስመዘግባል። ኮታው ለማን ይበቃል?»

ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ለድሃ የሚመደበው ገንዘብ ልክ አለው። አንዱ ሲገባ ሌላው ሊወጣ ይችላል። መልሱን ከእኔ ቀድመው የሰጡት አንዲት የኮሚቴው አባል ናቸው፤ እናቶች እትዬ የሚሏቸው፣ በሰፈሩ ለቅሶም ሠርግም የማይቀሩ ሴት።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሳይወድቅ በፊት እኮ ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር፣ ራሱን የቻለ ሰው ነበር። ያኔ ደህና ሆኖ ሥራ ቢፈታ ኖሮ ለብቻው እንቆጥረው ነበር። አሁን ስለተጎዳና ወንድሙ ስላስጠጋው ነው ከቁጥር ያወጣነው። ወንድምየው ጨክኖ መንገድ ላይ ቢጥለው ኖሮ ዛሬ ዝርዝራችን ላይ አንደኛ ነበር።»

ሰብሳቢው ዝም አሉ። ከዚያ «ሕጉስ ምን ይላል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። ኢትዮጵያ በአዋጅ 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 25 ላይ የጤና መድንን በስም ጠርቶ፣ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል። እነዚህ ትልልቅ ድንጋጌዎች ናቸው። «እገሌን ጨምሩ» አይሉም። ግን ኮሚቴው ሰውየውን ሳያይ የቤቱን በር ብቻ አይቶ እንዳይወስን ያስገድዳሉ ብዬ አምናለሁ። እንደዚያው አልኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው በአራት ክልሎች፣ 13 ወረዳዎች ነው። ከእነሱ አንዱ ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ ያለው ፎገራ ነው። ደቡብ አቸፈርም ነበረበት። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሰብስቦ ብር እጁ ሲገባ መዋጮውን ይከፍላል። መሬቱ፣ በሬው፣ ቤቱ ይታያል፤ ማን እንዳለውና ማን እንደሌለው ጎረቤት ያውቃል። ለእንደዚህ ያለ ኑሮ በቤተሰብ መቁጠር ይሠራል። ባሕር ዳር ግን አንድ ግቢ ውስጥ ስንት ዓይነት ኑሮ አለ። አከራይ፣ ተከራይ፣ ዘመድ፣ ደባል። ሽምብጥም ሂዱ፣ አባይ ማዶም ሂዱ፤ ከፊት ያማረ በር፣ ከኋላ አንዲት የጨለመች ክፍል። በር አንኳኩቶ «ስንት ናችሁ?» የሚል ሰው ያቺን የኋላዋን ክፍል አያያትም።

ኮሚቴው ቤቱ ድረስ ሄዶ ለማየት ተስማማ። ሰብሳቢው ራሳቸው ሄዱ። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ስልክ ሲጠግን አገኙት። ተኝቶ የሚውለውን ጊዜ ሰው ያመጣለትን የተሰበረ ስልክ እየፈታ ይማርበታል፤ ገና ብር አያገኝበትም። ሰብሳቢው ስለ ገቢው ጠየቁት፣ ስለ መጸዳጃው ጠየቁት፣ ለስብሰባ ለምን እንዳልመጣ ጠየቁት።

«ስብሰባ መኖሩንም አልሰማሁም ጋሼ» አላቸው። «ብሰማስ ፎቅ ላይ አይደል የምትሰበሰቡት?»

ልክ ነው። የቅሬታ ቢሮም ፎቅ ላይ ነበር። የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። የእኛው ሕንፃ ራምፕም ሊፍትም የለውም። ይሄንን ለአለቆቼ በጽሑፍ አቀረብኩ። ሕንፃው አልተሠራም፤ የቅሬታ መቀበያው ግን ምድር ቤት ወርዷል።

ልጁ በራሱ ስም፣ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ተመዘገበ። ቦታው የተገኘው ዝርዝሩ ሲጣራ ከተማውን ለቀው የሄዱ ሰዎች ስም ስለተገኘ ነው። ማንም አልተፈናቀለበትም። ፎቶውን የወንድሙ ትልቅ ልጅ በስልክ አነሳው። አሁን ቁስሉ ሲታጠብም፣ እሱ ሆስፒታል ሲተኛም በመድኑ ነው።

ሁሉ ነገር ተፈታ አልልም። ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት ሲያልቅ ከውጭ በራሱ ይገዛል። ካቴተር ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው። የመመላለሻ ትራንስፖርት መድኑ አይሸፍንም። ወንድሙ ባጃጅ ባይነዳ ኖሮ ደብተሩን ይዞ ቤት መቅረቱ ነበር። እኔ ብጠየቅ ለእንዲህ ያለው ታካሚ ቁስል የሚያጥብ ባለሙያ ቤቱ ድረስ ቢሄድለት እላለሁ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለኝ፣ በየጊዜው ሆስፒታል የሚተኛበትን ወጪ ቁጠሩና አነጻጽሩ ነው የምለው።

እኛ ጋ የተለወጠው የጥያቄው አጠያየቅ ነው። አሁን በእድሳት ሰሞን ቤት ለቤት የሚዞሩ ልጆች «ስንት ናችሁ?» ብለው አይጀምሩም። «እዚህ ግቢ የሚያድሩትን ሁሉ በስም ንገሩን፤ የራሱ ገቢ የሌለው አዋቂ አለ? የሚታመም፣ ከቤት የማይወጣ አለ?» ይላሉ። ስም ማስቆጠር ብቻውን መዋጮ እንደማያስጨምርም ቀድመው ይናገራሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ሠርታለች። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ ደብተሩ ላይ ፎቶው መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። ከሌለ ሳይታመም በፊት ቀበሌ ሄዳችሁ በራሱ ስም እንዲታይ ጠይቁ። ከተዘለለም በዝርዝሩ ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ሳይዘጋ አቤት በሉ።

ዘንድሮ ከዚያ ቀበሌ የመጣው ዝርዝር ላይ ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚኖሩ አካል ጉዳተኞች በራሳቸው ስም ተጽፈው አይቻለሁ። ዓይነ ስውር የሆነች አንዲት ሴት ግን እህቷ መንግሥት ሠራተኛ ናት ተብላ ቀርታለች። ጥቆማውን ያመጣችልኝ የባለባጃጁ ሚስት ናት፤ ሴትየዋ ጎረቤታቸው ነች። ሰኞ ጠዋት ከሰብሳቢው ጋር ቤቷ እንሄዳለን።